ጥምጥሙና ስልኩ

ምርጫ ሲቃረብ በእኛ በመልካ ጀብዱ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ፎቶግራፍ አይጠፋም። «ሐሰት ከሆነ ማን ይጠየቃል?» የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ 1909 ዓ.ም. ይሸሻል። ልጅ ኢያሱ ዙፋናቸውን ሲያጡ የነበሩት ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሐረር ነበርና።

መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ክሱ «ኢያሱ ሰልመዋል» የሚል ነው። በማስረጃነት ከተነገረላቸው ነገሮች አንዱ ልጅ ኢያሱን ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ ነበር፤ ተቀነባብሮ የተሠራ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ አመነቱ፤ ኋላ ግን ሰዉን ከመሐላው ፈቱት። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ኮሮጆ አልነበረም እንጂ መሪ የተመረጠው በዚያ ጉባኤ ነው።

ወሬው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ኢያሱ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተወዳጅተዋል፤ እንደ እነሱም ይለብሱ ነበር። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው (በጉባኤው ላይ ይህን ያነሣ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ)። ግማሽ እውነት የያዘ ሐሰት ምንኛ ጉልበት አለው! አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ረገፈ።

ታዲያ የዛሬው ሕግ ይህን እንዴት ይዳኘው ነበር? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰት መናገርን ብቻውን ወንጀል አያደርገውም። ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ወይም ማወቅ የሚገባው መሆን አለበት፤ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሠራጨ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ወደ ፖለቲካ አስተያየትና ትችት የሚያደላ ንግግር ግን ነጻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድ አዋጁ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በዚህ ሚዛን ፎቶግራፉን አውቆ የቀነባበረ ሰው ካለ አያመልጥም፤ አይቶ ያመነው ገበሬ ነጻ ነው። የሚያስጨንቀኝ በመካከል ያለው ነው፤ «ማወቅ ይገባህ ነበር» የሚባለው፣ ለአክስቱ ልጅ እንደ ዘበት ያስተላለፈው። ይህች ሐረግ በጣም ሰፊ ናት። ስፋቷን የሚለካው ዳኛ ነው፤ ዳኛውም ከአሸናፊው ወገን ነጻ መሆን ይኖርበታል። በ1909 ከሳሾቹም ፈራጆቹም ኢያሱ በመውረዳቸው የተጠቀሙት ራሳቸው ነበሩ። ፎቶግራፉን ማን እንደሠራው ማን ይጠይቅ? ኢያሱ በ1913 ተይዘው በ1928 በእስር ሞቱ።