እቴጌ

እቴጌ በኢትዮጵያ ዘውዳዊ ሥርዓት ዘውድ ለደፋች የንጉሠ ነገሥት ባለቤት የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ከስም በፊት ይገባል፤ ግሱም በአንቱታ ይነገራል፦ «እቴጌ አዘዙ» እንጂ «አዘዘች» አይባልም። በዘመኑ ስም ሳይጨመርበት ብቻውንም መጠሪያ ይሆን ነበር።

ቃሉን «የንጉሥ ሚስት» ብሎ ብቻ መፍታት ግን ጎንደርን መርሳት ነው። የቋራዋ ምንትዋብ ባለቤታቸው ዐፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ዘውድ ጭነው፣ በሕፃን ልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም መንግሥቱን ያዙ። ኢያሱ በ1755 ሲሞት ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጎን ቆሙ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያሠሩት የቁስቋም ግቢ ፍርስራሽ ዛሬም አለ። በዚያ ግቢ «እቴጌ» ማለት ሹመትና ሽረት የሚወጣበት አፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማዕረጉን ከያዙት ውስጥ ጣይቱ ብጡል በ1889፣ መነን አስፋው ደግሞ በ1930 ከባለቤታቸው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጫኑ። ዘውዲቱ ምኒልክ ግን በራሳቸው መብት ስለነገሡ ይፋዊ ማዕረጋቸው ንግሥተ ነገሥታት ነው፤ እሳቸውን እቴጌ ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።

ዘውዱ ከወደቀ በኋላ አዲስ ባለማዕረግ የለም። ቃሉ በታሪክ ጽሑፍና እንደ አዲስ አበባው እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ባሉ መጠሪያዎች ይሠራበታል።