ስለ ሕፃናት መጠቅለያና ስለ ሙቀት

ጨቅላ ሕፃን ልብሱን አይመርጥም፤ ሲሞቀውም ገፍፎ አይጥልም። ስለዚህ የሕፃን አለባበስ የአየሩን ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ታላላቆቹ ስለ ሕፃን ገላ ያላቸውን እምነትና ፍርሃት ጭምር ይገልጻል። ከዚህ በታች የሚነገረው የአውሮፓ ሕፃናት መጠቅለያ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት በሮማ ከተማ ያገለገለው የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ፣ ሕፃኑ ወርዱ ሦስት ወይም አራት ጣት በሆነ ለስላሳ የሱፍ መጠቅለያ እንዲጠመጠም መክሯል። የተልባ እግር ጨርቅን ያልመረጠው በላብ ስለሚኮማተር ነበረ። እንግዲህ ሕፃኑ በመጠቅለያው ውስጥ ማላቡ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ላቡ ጨርቁን ለመለወጥ እንጂ ጥምጥሙን ለማላላት ምክንያት አልሆነም። የመጠቅለል ዓላማ ማሞቅ ብቻ አልነበረምና፤ ገና ያልጠናው እጅና እግር ሳይጣመም እንዲያድግ ታስቦ ጭምር ነበረ።

ይህ ልማድ ብዙ መቶ ዓመታት ከቈየ በኋላ ተቃዋሚ ተነሣበት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1693 ዓ. ም. ልጆች በሙቀቱም ሆነ በብርዱ ወራት ልብስ እንዳይበዛባቸው ጻፈ። በ1748 ዓ. ም. ደግሞ የብሪስቶሉ ሐኪም ዊልያም ካዶጋን፣ በለንደን ለተቋቋመው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አስተዳዳሪዎች ስለ ሕፃናት አያያዝ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። እርሱ እንዳለው፣ ጥቂት ቡትቶ ብቻ ያላት ድኻ እናት ልጇ ሲጠነክር ታያለች፤ የባለጸጋው ወራሽ ግን በጌጠኛ ልብስ ክብደት ይማቅቃል። ስለዚህ ጥብቅ መጠቅለያውን አስወግዶ፣ ከኋላ ላላ ተደርጎ የሚታሰር እጅጌ የሌለው ሰደርያና ሰፊ ቀሚስ እንዲበቃ መከረ። በ1762 ዓ. ም. ዣን ዣክ ሩሶ በ«ኤሚል» መጽሐፉ መጠቅለያን የሰው ልጅ የመጀመሪያ እስራት አድርጎ ነቀፈ።

የዚያን ዘመን ሕፃናት በእርግጥ ምን ይለብሱ እንደ ነበረ የሚያስረዳው ከሁሉ ይልቅ የዚያው ማሳደጊያ መዝገብ ነው። ከ1741 እስከ 1760 ዓ. ም. ድረስ ሕፃን ሲገባ ብዙ ጊዜ ከልብሱ ጥቂት ጨርቅ ተቈርጦ በመዝገቡ ላይ በእስፒል ይያያዝ ነበር፤ ይህም እናቲቱ አንድ ቀን ብትመለስ ልጇ የሚለይበት ምልክት ነው። የጥጡ፣ የተልባ እግሩና የሱፉ ቍራጭ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ካዶጋን በሁሉም ነገር ልክ አልነበረም። ሕፃን በተፈጥሮው ከአዋቂ ይልቅ ሙቅ ስለ ሆነ ብርዱን የበለጠ ይችላል ብሎ ነበር። የዛሬው ሕክምና የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ የሕፃን ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ሰፊ ስለ ሆነ በብርድ ጊዜ ሙቀቱ ቶሎ ይጠፋል። በሙቀት ጊዜም የማላብ ኃይሉ ደካማ ስለ ሆነ በቶሎ ይግላል፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት በእንቅልፍ ላይ ከሚደርስ ድንገተኛ ሞት ጋር እንደሚያያዝም ታውቋል። ስለዚህ የካዶጋን ምክር ለሙቀት እውነት ሲሆን ለብርድ አደገኛ ነው። በሙቀት አገር አንድ ስስና ሰፊ የጥጥ ልብስ ይበቃል፤ ሙቀቱም የሚመረመረው ብዙ ጊዜ በሚቀዘቅዘው እጅ ሳይሆን በአንገትና በደረት ነው።

በኢትዮጵያም ሕፃን ብርድ፣ ምችና ክፉ ዓይን እንዳያገኘው ተሸፋፍኖ ይጠበቃል። በደጋ ሌሊት ጋቢ መደረቡ ጥበብ ነው፤ ያው መደረቢያ በቆላ ቀትር ሲደገም ግን ጠባቂው ጎጂ ይሆናል። እንግዲህ ልማድን የሚመረምር ተማሪ፣ ሕፃኑ ምን እንደ ለበሰ ብቻ ሳይሆን በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሰዓትና ከምን ፍርሃት የተነሣ እንደ ለበሰ ሊጽፍ ይገባዋል። እናትን የሚመክርም ሰው አስቀድሞ ለፍርሃቷ መልስ ካልሰጠ፣ ልብሱን ቢያስወልቅ እርሱ ዘወር ሲል መልሳ ታለብሰዋለች።