የፍል ውሃው ምልክትና የሁለት መንደሮች ሙግት

ካርታ በማንሳት ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ምልክት ባየሁ ቁጥር ማን ሣለው፣ ለምን ሣለው ማለት ልማዴ ነው። ከጎድጓዳ ሣህን ላይ ሦስት የእንፋሎት መስመሮች የሚወጡበት የጃፓን የፍል ውሃ ምልክት ዛሬ በየስልካችን ውስጥ አለ። ብዙ ሰው የነጋዴ ማስታወቂያ ይመስለዋል። እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ጥንታዊው ግን የተገኘው በፍርድ ሰነድ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1661፣ ዛሬ ጉንማ በሚባለው ግዛት፣ ካሚ ኢሶቤና ናካኖያ የተባሉ መንደሮች በመሬት ተካሰሱ። ያኔ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት ፍርድ ሰጠ፤ ከፍርዱ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ፣ ኢሶቤ ዘንድ፣ እንፋሎት የሚወጣባቸው ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ተሥለዋል። የድንበር ጭቅጭቅ መሐል ገብቶ መሬት ለለካ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዛፍ ይቆረጣል፤ የድንበር ድንጋይ በሌሊት ይነቀላል። ከምድር የሚፈላን ውሃ ግን ማን ተሸክሞ ይወስደዋል? ሠዓሊው ምልክቱን ያኖረው ለዚህ ይመስለኛል። ኢሶቤ ላይ ዛሬ ለዚሁ ምልክት መታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል።

ቆይቶ፣ በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ዘመን፣ ምልክቱ በሠራዊቱ የቅየሳ ካርታዎች ውስጥ ገባ። ቀጥሎ በቤፑ ከተማ አቡራያ ኩማሃቺ የተባለ ባለሆቴል አገሩን ለማስተዋወቅ ስለተጠቀመበት፣ የፈጠረው እሱ ነው የሚሉ አሉ። ኩማሃቺን አከብረዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ሴት አስጎብኚዎች የተመደቡበትን የጉብኝት አውቶቡስ ያስጀመረ ብርቱ ሰው ነው። ነገር ግን የተወለደው በ1863 ነው። የኢሶቤው ካርታ በሁለት መቶ ዓመት ይበልጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓን የኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ምልክቱን ለመለወጥ አሰበ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ እየቀረበ ነበር፤ የውጭ እንግዶች ትኩስ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ነው ብለው እንዳይሳሳቱ ተፈራ። በምትኩ የታሰበው ሦስት ሰዎች ውሃ ውስጥ ተቀምጠው የሚታዩበት ዓለም አቀፍ ምልክት ነበር። የፍል ውሃ አካባቢዎች አጥብቀው ተቃወሙ። በ2017 ሁለቱም እንዲሠሩ፣ ምርጫውም የባለቤቶቹ እንዲሆን ተወሰነ።

እኔ በውሳኔው ከልብ ተደስቻለሁ። ሦስቱ ሰዎች የሚነግሩን ስለ መታጠቢያው ነው፤ እንፋሎቱ ግን ስለ ምድሩ ይናገራል። የካርታ ሥራ ደግሞ የምድሩን መናገር ነው። በጃፓን የመልክዓ ምድር ካርታዎች ላይ ፍል ውሃ ዛሬም በእንፋሎቱ ምልክት ይታያል።