ሳይገድል ወተት የሚነሣ ደዌ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደውን መቅሠፍት የወሎ ሰው ክፉ ቀን ብሎ ለልጅ ልጁ አውርሶታል፤ በምጽዋ በኩል የገባው፣ ደስታ የተባለው የከብት ደዌ፣ ራስ ሚካኤል ወሎን በሚገዙበት ዘመን፣ በሬውን ከጥማዱ፣ ላሚቱንም ከጥጃዋ ለይቶ ፈጅቶ፣ አራሹን ለረኃብ ዳርጎታልና። ያ ደዌ በ2003 ዓ.ም. ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ታሪኩም ተጻፈ። ላሚቱን በሕይወት ትቶ ወተቷን የሚወስደው የጡት ብግነት ግን ዜና መዋዕሉን የሚጽፍለት አላገኘም፤ ከበረት የጎደለው ወተት ከሕፃን አፍ የጎደለ ነውና፣ ይህን ዝምታ እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይሆንልኝም።

ወተት በደዌ ብቻ ሳይሆን በድንጋጤም ይጎድላል፤ የቀድሞዪቱ የወሎ እመቤት ማለቢያዋን በወይራ አጥና፣ አስቀድማ ጥጃውን አስጠብታ፣ ላሚቱን በስሟ እየጠራች ታባብል የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጥጃው ጡቱን ሲነካ ከአንጎል ሥር የሚመነጨው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን በደም ወርዶ ወተቱን እንደሚያስለቅቅ፣ ድንጋጤ ግን ይህንኑ እንደሚያግድ የአሜሪካ ሊቃውንት ኢሊና ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1941 በጽሑፍ አስረዱ፤ እናቶቻችን ሥርዓቱን ከዚያ አስቀድመው ይዘውት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት ስጦታ የመጡት 300 ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ለዘመናዊው የወተት እርባታ በር ከከፈቱ ወዲህ፣ ክልስ ላሞች ቀስ በቀስ ወደ ደሴ ግቢዎችና በቦርከና ሸለቆ ወዳለችው ኮምቦልቻ ደረሱ። ወተታቸው የበዛውን ያህል ጡታቸው ለብግነት የተጋለጠ ሆነ። ባክቴሪያ በጡት ጫፍ ሲገባ ነጭ የደም ሕዋሳት ይከታሉ፤ እነርሱ በሚልኩት መልእክት ትኩሳት ይነሣል፣ ላሚቱ መኖ ትጠላለች፣ ኮርቲሶል ከፍ ይላል፣ እንቁላል የሚያበስለው የሆርሞን ትርታ ስለሚታወክም ድራቷ ይዘገያል። የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባክቴሪያ መርዝ በደሟ የገባባትን የምትታለብ ላም መርምረው፣ የተቀሰቀሰው የመከላከያ ኃይል በ12 ሰዓት ውስጥ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ግሉኮስ እንደሚፈጅ እ.ኤ.አ. በ2017 አስታወቁ፤ አንድ ኪሎ ወተት 72 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈልጋልና፣ ከ13 ኪሎ ወተት የሚበልጥ ስንቅ ወደ ሰልፈኞቹ ዞረ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስውሩ ብግነት ነው፤ ጡቱ ሳያብጥ፣ ወተቱም ለዓይን ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ ስለሚያንስ፣ ባለቤቱ ነጠፈች ብሎ ለሥጋ ነጋዴ ያስረክባታል። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ያላት ከተማ ናትና፣ ከአራቱም ጡቶች ጥቂት ጥቂት ወተት አልቦ፣ በሳሕን ላይ ከጡት ብግነት መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር አዋሕዶ፣ የታመመው ጡት ወተት ሲወፍር ማየት ከሽያጩ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነው።