አማርኛችንን ያዳከመው እንግሊዝኛ ነው?

«ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሲማሩ አማርኛ መጻፍ ጠፋባቸው» የሚል ወቀሳ በየቤቱ ይሰማል። ወቀሳው ግማሽ እውነት አለው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግን ሌላውን ግማሽ ይነግረናል፦ ዘመናዊውን የአማርኛ ድርሰት ካቆሙት ሰዎች መካከል የውጭ ቋንቋ አጥርተው የሚያውቁ ብዙ ናቸው።

ከነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንጀምር። የዘጌው ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥዕል ሊማሩ ጣሊያን ሄዱ። ረጅም ዘመን በዚያው ኖሩ፣ ናፖሊ ላይ አማርኛ አስተማሩ፣ የአማርኛን ሰዋስው በጣሊያንኛ ጽፈው አሳተሙ። ቋንቋውን ለባዕድ ሰው ለማስረዳት ግሱን ከነእርባታው፣ ዓረፍተ ነገሩን ከነአሰካኩ መፍታት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይቆጠራል። የዘርፉ መጠሪያም ከዚሁ ርዕስ ወጥቶ ቀረ። በፖለቲካቸው የሚወቅሳቸው ብዙ ነው፤ በአማርኛቸው የሚያማቸው ግን ጥቂት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁም እንዲሁ ናቸው። በጎጃም ቅኔ ተምረዋል። በወረራው ዘመን ተማርከው ጣሊያን ታሰሩ፤ ኋላም በዲፕሎማትነት አሜሪካና እንግሊዝ ሠሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ገበሬ በራሱ አንደበት ያናገረ መጽሐፍ ነው። ዳኛቸው ወርቁ ደግሞ በ1962 ዓ.ም. በምሳሌያዊ አነጋገር የታጨቀውን «አደፍርስ»ን አሳተሙ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጻፉ። አንዱ ቋንቋ ሌላውን አላባረረም።

እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ሁለት ነገር ነው። የውጭው ቋንቋ የመጣው የራሳቸው ሥር ከያዘ በኋላ ነው። ከመጣ በኋላም በራሳቸው ቋንቋ መጻፍ አላቋረጡም።

የዛሬው ተማሪ ያጣው ይህንን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሳይንሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ አማርኛ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የመመረቂያ ጽሑፉ ሳይቀር በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሐሳብ አደራጅቶ ሁለት ገጽ ጻፍ የሚለው የለም። ስለዚህ «ስሜት አይሰጥም»፣ «በቀኑ መጨረሻ» የሚሉ ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጡ አባባሎች ክፍተቱን ይሞሉታል። እንግሊዝኛውም ቢሆን አይጠናም፤ በአንዱ ቋንቋ ሐሳቡን ማሰለፍ ያልለመደ በሌላውም ይቸገራልና። ከተመረቀ በኋላ ለቀበሌ የሚገባ ማመልከቻ በሰው የሚያስጽፍ ወጣት ብርቅ አይደለም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። ጥፋቱ የሰውን ማማሰሏ ላይ አይደለም፤ የራሷን እሳት ላይ ጥላ መሄዷ ላይ ነው። መፍትሔውም የእንግሊዝኛን ሰዓት መቀነስ አይደለም። ተማሪው በእንግሊዝኛ የተማረውን ታሪክና ሳይንስ በየሳምንቱ በአማርኛ እንዲጽፈው፣ መምህሩም እንዲያርመው ማድረግ ነው። አፈወርቅ ናፖሊ ላይ በሁለት ቋንቋ መካከል ሲመላለሱ የሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም።