ከማኅደር ወደ ማሳያ

ፖርትፎሊዮ በባንክ ሠራተኛ አፍ ሌላ፣ በሠዓሊ አፍ ሌላ ነው። ባንኩ ያበደረውንና በአክሲዮን ያፈሰሰውን ገንዘብ ስብስብ ይልበታል። ሠዓሊው፣ አርክቴክቱና ፎቶ አንሺው ደግሞ ሥራ ሲፈልጉ ለቀጣሪ የሚያቀርቧቸውን የተመረጡ ሥራዎች። እዚህ የሚነሣው ሁለተኛው ነው፤ በተለይም ለኮምፒውተርና ለስልክ ጌም ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች የሚያዘጋጁት። ለእሱ «የሥራ ማሳያ»፣ ባጭሩ «ማሳያ» የሚለውን እመርጣለሁ።

«የሥራ ማኅደር» ማለትም ይቻላል፤ ቃሉም ያምራል። ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ መያዣ ነው፤ መሥሪያ ቤቶችም የሠራተኛን ፋይል ይሉበታል። ፖርትፎሊዮ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ የወረቀት መያዣ ማለት ስለሆነ ጥሬ ፍቺው ከማኅደር ጋር ይገጥማል። ይሁን እንጂ ማኅደር ሁሉን ይይዛል፤ ማሳያ ግን ለሌላ ሰው ዓይን የተለየውን ብቻ። ጌም ሠዓሊ ሁለቱንም ቃላት ይፈልጋቸዋል፤ በማኅደሩ ካለው ውስጥ ብዙው ማሳያው ላይ ሊወጣ አይችልምና።

ምክንያቱ ውል ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለውጭ አገር ድርጅት የሚሠራ ወጣት ቢኖር፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከማየቱ በፊት የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈርማል። ጌሙ እስኪወጣ የገጸ ባሕርዩን መልክ፣ የጌሙን ስም፣ አንዳንዴም ለማን እንደሚሠራ እንኳ መናገር አይችልም። አንድ ትልቅ ጌም ተሠርቶ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል፤ ተጀምሮ የሚቋረጠውም ጥቂት አይደለም። የተቋረጠ ጌም ሥዕሎች ውሉ እስካልፈቀደ ድረስ ከነምስጢራቸው ማኅደር ውስጥ ይቀራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋ ሰው በአደባባይ የሚያሳየው አንድም ነገር ላይኖረው ነው።

«እኔ የሣልሁት የእኔ አይደለም?» የሚል ይኖራል። ያገራችን ሕግ መልሱን ለሁለት ይከፍለዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተቀጥሮ ወይም በውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ ባለቤት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። የሞራል መብቱ ግን፣ ማለትም «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የማለቱ፣ ከሠሪው ጋር ይኖራል። ባለቤትነት ሄዶ ስም ይቀራል እንደ ማለት ነው። የውጭ ድርጅቶች ውል ብዙ ጊዜ በራሳቸው አገር ሕግ ስለሚመራ ይህም ላያድን ይችላል፤ ስለዚህ «ጌሙ ከወጣ በኋላ በሥራ ማሳያዬ ላይ ማውጣት እችላለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ እንዲገባ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይበጃል። ከፈረሙ ወዲያ መለማመጥ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ሥራው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ሠዓሊ የሚፈልግ ደብር ጎረቤት ደብር ገብቶ ማየት ይበቃዋል። የእሱ ችግር ሌላ ነበር። ያሣለው ባለጸጋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ ከነስሙ ሲታይ፣ የሠዓሊው ስም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። በ15ኛው መቶ ዘመን እንደነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ስሙን ሥዕሉ ላይ ያሰፈረ ጥቂት ነው። ሥራው ታይቶ ስሙ ይሰወራል፤ በጌም ሠዓሊው ላይ የሚደርሰው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ስሙን ይዞ ሥራውን ይደብቃል።

ለቀጣሪው ግን ከስም ይልቅ ሥራው ይበልጥበታል፤ ዲፕሎማም ቢሆን እምብዛም አይጠይቅም። ይህ ለጋይንት ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ድጓውን ጽፎ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋስዕት የተማረ ዙር አምባ። መምህሩ «ከማን ተማርህ» ብሎ አይለቀውም፤ አስዚሞ፣ አርሞ ነው የሚመሰክርለት። የጌም ድርጅትም አንዳንዴ ማሳያውን ካየ በኋላ የሙከራ ሥራ ይሰጣል፤ እዚያ ላይ የሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ይጋለጣል።

መጋለጡ ካልቀረ የድርሻን ልክ አስቀድሞ መጻፍ ነው። አንድ የጌም ገጸ ባሕርይ የአንድ ሰው እጅ ሥራ አይደለም። አንዱ በወረቀት ይነድፈዋል፣ ሌላው በሦስት ገጽታ (3D) ያቆመዋል፣ ሌላው ቆዳውንና ልብሱን ያለብሰዋል፣ ሌላው ያንቀሳቅሰዋል። የአዲስ አበባው ድርጅት ቅኔ ጌምስ በሠራው «ኩኩሉ» በተባለው ጌም የምትሮጠውን ዶሮ ጌሙን ስልኩ ላይ የጫነ ሁሉ አይቷታል፤ እንዲህ ያለ የወጣ ጌም ላይ የሠራ ሰው ከሥዕሉ ሥር «ቅርጹ የእኔ፣ ቀለሙ የባልደረባዬ» ብሎ መጻፍ አለበት። ያልወጣውን ግን በይለፍ ቃል ቆልፎ ለቀጣሪ ብቻ ማሳየትም ምስጢር መግለጥ ነው፤ ውሉ «ለማንም» ካለ ቀጣሪውም ማንም ውስጥ ነው። እንዲያውም አስተዋይ ቀጣሪ ነገ የእኔንም ምስጢር እንዲሁ ያወጣል ብሎ ይሰጋል።

ታዲያ ማሳያው በምን ይሞላ? በራስ ሥራ። ብሌንደር የተባለው የሦስት ገጽታ ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ሥራዎች የሚታዩበት አርትስቴሽንም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ርእሱስ? እዚህ ላይ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ከማንም ይልቅ ሀብታም ነው፤ ሌላው የሠራውን ጭራቅና ሰይፍ ለምን እንደሚደግም አይገባኝም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራው ብቻ አንድ የጌም ዓለም ይሞላል። ቤተልሔምን ደግሞ ተመልከቱ። ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ቤት ነው፤ ሲገቡ ውስጡ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ባለአራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል። አየርላንዳዊው ቶማስ ፓከንሃም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያየውን ጽፎ ለውጭ ዓለም አሳወቀው። ተጫዋች የሣሩን በር አልፎ ድንጋዩ ፊት ድንገት ሲቆም የሚሰማውን መገመት ነው፤ ሥፍራ ሠሪ ለሚባለው የጌም ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ብርሃኑ ከየት ይግባ፣ ሣሩና ድንጋዩ እንዴት ይለዩ፣ ጨለማው ምን ያህል ይሁን፤ ቀጣሪ የሚመዝነው ይህንኑ ነው። ለዚህ ሥራ የማንም ደንበኛ ፊርማ አያስፈልግም። የውስጡን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ለመጠቀም ግን የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ መያዝ ያሻል።