የመጀመሪያው ትርዒት ከየት ይጀምራል?

ባለፈው መስከረም፣ ዝናቡ ከኮሶበር ሰማይ አልወጣ ብሎ ሻይ ቤት ውስጥ ባገተን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ስድስት ሆነን በአንዲት ላፕቶፕ ዙሪያ ተኮልኩለን የቻይናዎችን የቤተ መንግሥት የፍቅር ድራማ ማየት ጀመርን። ድራማው «የዠን ኋን ታሪክ» ይባላል። በ2011 ለዕይታ የበቃ፣ ሰባ ስድስት ክፍል ያለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያየነው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ሁለተኛውን ልንከፍት ስንል መብራት ጠፋ፤ እኛም በጨለማው ውስጥ ክርክር ገጠምን።

አንዱ «ፍቅር እንዲህ ነው የሚጀመረው» አለ። ሌላው «የት ያለ ፍቅር? ያየነው ሹመት እኮ ነው!» ብሎ መለሰለት። ከዳንግላ የመጣች የክፍል ጓደኛችን ግን ሁለቱንም ትታ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ሐርና ሻይ ተሸክሞ ያመጣው ማነው? እሱን ለምን አላሳዩንም?» አለች። ሳቅንባት። ማታ ወደየዶርማችን ስንገባ ግን ጥያቄዋ አብሮን ገባ። ይህች ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ናት።

አስቀድመን ያየነውን እንናገር። ድራማው የሚከፈተው በሴት ልጅ አይደለም፤ በዙፋን ነው። ዮንግዠንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ሲነግሥ ሹማምንቱ በየማዕረጋቸው ተሰልፈው ይሰግዳሉ። ቀጥሎ እናቱ ትመጣለች። የንጉሡ ልጆች ጥቂት ናቸውና ቤተ መንግሥቱ ልጃገረዶች ይምረጥ ትላለች። ዠን ኋን የምትታየን ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም በቤተ ጸሎት ተንበርክካ፣ እንዳትመረጥ ስትለምን። በመጠበቂያው ግቢ አንዲት የድኃ ሹም ልጅ በትዕቢተኛዋ ልብስ ላይ ሻይ ትደፋለች፤ ዠን ኋን መሐል ገብታ ታስጥላታለች፤ አበባ ቀጥፋም በጠጉሯ ላይ ትሰካላታለች። ተራዋ ደርሶ ንጉሡ ፊት ስትቀርብ የስሟን ፍቺ ይጠይቃታል፤ ከጥንት ግጥም ጠቅሳ ትመልሳለች። ቀና በይ ይላታል፤ ፊቷን ሲያይ ይደነግጣል። እንዳትመረጥ የጸለየችው ልጅ ተመርጣ ወጣች።

ይህ ሁሉ ከታሪክ ጋር ምን ያህል ይስማማል? ምርጫው እውነት ነው። በቺንግ መንግሥት ዘመን በየሦስት ዓመቱ «ስምንቱ ሰንደቆች» ከሚባሉት የጦር ቤተ ሰቦች የተወለዱ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶች ለቤተ መንግሥት ይቀርቡ ነበር። ከዚያ በፊት ለሌላ መዳር ክልክል ነበር። ድራማው የተወሰደበት የሊዩ ሊየንዚ ልቦለድ ግን በፈጠራ መንግሥት ውስጥ የተተረከ ነው፤ ወደ ዮንግዠንግ ዘመን (1722–1735) ያዛወሩት ድራማውን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ለዠን ኋን መነሻ ሆኑ የሚባሉት ሴት፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ እናት፣ ወደ ዮንግዠንግ ቤት የገቡት በ1704 እሱ ገና መስፍን ሳለ ነው፤ ልጃቸውንም በ1711 ወልደዋል። በንግሡ ቀን ለቤቱ አዲስ አልነበሩም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ኖረውበታል።

እንግዲህ ድራማው በልጅቱ ላይ ዋሽቷል። በቅደም ተከተሉ ግን አልዋሸም፤ መጀመሪያ ዙፋን፣ ከዚያ እናት፣ ከዚያ የስም ዝርዝር፣ በመጨረሻ ልጅት። ከሹማምንቱ መካከል ኒየን ገንግያዎ የሚባል የጦር አበጋዝ አለ፤ እህቱ የንጉሡ እልፍኝ ናት። በእውነተኛው ታሪክ እህትየው በ1725 ሞተች፤ ወንድሙም በ1726 መጀመሪያ ራሱን እንዲገድል ታዘዘ። በዚያ ግቢ ፍቅር ብቻውን አይመጣም፤ ወንድሙንና ዘመዱን አስከትሎ ይመጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሚያስገርመው ነገር፣ ዮንግዠንግ በቤጂንግ ሲነግሥ ጎንደር ላይም አዲስ ንጉሥ ነበሩ። ዐፄ በካፋ የነገሡት በ1721 ነው። ምንትዋብን ያገቡትም ዮንግዠንግ በነገሠበት በ1722 ገደማ ነው። የእኛ የቤተ መንግሥት ፍቅር ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል ይኸውላችሁ።

ታሪኩን ለውጭ ዓለም ያዳረሰው በ1770 ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በአገሩ የመዘዋወር ልማድ ነበራቸው። ቋራ ላይ ንዳድ ያዛቸውና ከአንድ ባላገር ቤት ተኙ። የቤቱ ልጅ አስታመመቻቸው። ሲሻላቸው ወደ ጎንደር ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ልከው አስመጧት፤ አገቧትም። ልጅቱም ኋላ እቴጌ ምንትዋብ፣ ብርሃን ሞገሳ፣ ወለተ ጊዮርጊስ ተባሉ።

እንዴት ያለ የሚያምር መክፈቻ ነው! የተሰወረ ንጉሥ፣ የሕመም አልጋ፣ ውኃ የምታቀብል ቆንጆ። ማንም ድራማ ሠሪ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ነገር ግን እናስተውል። ብሩስ ይህን የሰማው ነገሩ ከሆነ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እቴጌይቱ ቁስቋም ተቀምጠው ባረጁበት ጊዜ ነው። ምንትዋብም ስም የለሽ የባላገር ልጅ አልነበሩም። የእናታቸው የወይዘሮ እንኮዬ ወገን ዘሩን ከዐፄ ሚናስ ይቆጥር ነበር። የሕመሙ አልጋ እውነት ይሁን ተረት፣ ከአልጋው አጠገብ አንድ ትልቅ ቤተ ዘመድ ቆሞ ነበር። የቻይናው ድራማ ሰልፈኞቹን ሹማምንት ከፊት አስቀደመ። የእኛ ተራኪ ግን ከበር ኋላ ደበቃቸው፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

የተደበቁት ሰዎች ብዙ አልቆዩም፤ ወጡ። በ1730 በካፋ ሲሞቱ ሕፃኑ ልጃቸው ኢያሱ ነገሠ፤ እቴጌ ምንትዋብም ዘውድ ጭነው አብረው ገዙ። ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆኑ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1767 ድረስም የመንግሥቱ ምሰሶ ነበሩ። የቋራ ሰዎች በየሹመቱ ገቡ። ቀጥሎ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ የኦሮሞ ባላባት ልጅ የሆነችው ውቢት ተዳረችለት፤ የእሷ ልጅ ኢዮአስ በ1755 ሲነግሥ ደግሞ የእናቱ ወገን ተከትሎት ገባ። የሁለት ጋብቻ ዘመዶች አንድ ግቢ ውስጥ ተፋጠጡ። ይህን ያስታርቃሉ የተባሉት የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል መጥተው ሁሉንም አንበረከኩ፤ ኢዮአስም በ1769 ተገደለ። የዘመነ መሳፍንትን መጀመሪያ ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚቆጥሩት ከዚህ ነው።

«ይህ ታዲያ ለአዊ ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ከቤታችን ደጃፍ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ብሩስ እንደሚተርከው፣ የአገው ምድር ጎረቤት የሆነው የዳሞት ግዛት ከእቴጌይቱ ወንድሞች ለአንዱ፣ ለእሸቴ ተሰጠ። የቀድሞው ገዥ የዋራኛ ልጅ ፋሲል ይህን አልተቀበለም፤ እሸቴም በዚሁ ጠብ ተገደሉ። በ1769 መጨረሻ ራስ ሚካኤልና ፋሲል ፋግታ ላይ ገጠሙ፤ ፋሲል ተሸነፈ። በዚሁ ጦርነት ውስጥ ከሚካኤል ወገን የቆመውን የአገው ሕዝብ ፋሲል ባንጃ ላይ ወግቶ ድል አደረገው። ዛሬ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስንሳፈር በአዲስ ቅዳም የምናልፈው ወረዳ ፋግታ ነው። ባንጃ ደግሞ ይህቺው እኛ የምንማርባት አገር ናት። ቋራ ላይ በሕመም አልጋ የተጀመረው የፍቅር ታሪክ፣ ግማሽ ምእት ዓመት ሳይሞላው ባንጃ ላይ የሰው ሬሳ ሆኖ ወደቀ ማለት ነው። ያ ሬሳ በመጀመሪያው ክፍል አይታይም።

የጓደኛችንን ጥያቄ አሁን እንመልሰው። ሐሩንና ሻዩን ማን አመጣው? በጎንደር ሲሆን ጥያቄው ማሩንና ቅቤውን ማን አመጣው ነው። ለዚህ መልስ አለን። ብሩስ እንደጻፈው አገው ለጎንደር ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ያቀርብ ነበር፤ ሸክሙን ይዘው በአንድ ጊዜ ከሺህ እስከ ሺህ አምስት መቶ የሚሆኑ ሰዎች እየተከታተሉ ይመጡ ነበር። ቅቤው በዚያ ሁሉ መንገድ እንዳይበላሽ በመቅመቆ ሥር ይጠብቁት እንደነበርም ጽፏል። መቅመቆን እናቶቻችን እስከ ዛሬ ያውቁታል አይደለም እንዴ?

እስቲ የዐፄ በካፋንና የምንትዋብን ሰርግ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከተው። ጠጁ ማር ነው። የሙሽራዪቱ ጠጉር የተቀባው ቅቤ ነው። በአዳራሹ የሚበራው ጧፍ ሰም ነው። የሚታረደው በሬ ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ከዳንግላና ከባንጃ በሰው ጫንቃ እንደ ወጣ በቁጥር አልተጻፈም፤ ሰርጉ ያለ እነዚህ ነገሮች ሰርግ እንዳልነበረ ግን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። የእቴጌይቱ ሥዕል ደቅ ደሴት ላይ በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው እስከ ዛሬ ይታያል። ማሩን የተሸከመችው ሴት ሥዕል የላትም።

አንዲት ብቻ አለች፤ እሷም በቀለም ሳይሆን በቃል የተሣለች ናት። በኅዳር ወር 1770 ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ደረሰ። የምንጩ ካህንና የመንደሩ ሽማግሌ ክፍለ ዓባይ የሚባሉ አገው ነበሩ። ንጉሡ ግሽን ለብሩስ በጉልት ሰጥተውት ስለነበር እንግዳው የመጣው ጌታ ሆኖ ነው። ሽማግሌው ቤቱን እንዲያስተዳድሩለት ልጆቻቸውን ሰጡት፤ ትልቋ ኢረፖኔ ትባላለች፤ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ያህል ነው። ብሩስ ውበቷን ያደንቃል፤ ወርቅና ጨሌ ይሰጣታል። ተሰናብቶ ሲሄድ ልጅቱ በየቀኑ በአዲስ ዓይነት ስትሠራው የከረመችውን ጠጉሯን ነጨች፤ መሬት ላይ ወደቀች፤ ሲርቁ ግን ወጥታ ዓይኗ እስከሚደርስ ድረስ ሸኘቻቸው ብሎ ጽፏል።

ይህም ለድራማ የተመቸ ትርዒት ነው። ነገር ግን የጻፈው ማነው? ጉልተኛው ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1790 ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ልጅቱ ያለቀሰችው ለእሱ ይሁን፣ እሱ በመኖሩ ከመንደሩ ለራቀው የጦር ፍርሃት ይሁን፣ በምን እናውቃለን? በአገውኛ ለእህቶቿ ያለችው ነገር ይኖራል፤ ያ ቃል አልተጻፈም። ዠን ኋን በቤተ ጸሎት እንዳትመረጥ ስትለምን ቢያንስ ድምፅዋን ሰምተናል። ኢረፖኔን ያየናት በተቀመጠላት ሰው ዓይን ብቻ ነው፤ የሰማናት ግን አልሰማናትም።

እኛ የፍቅር ታሪክ አይጻፍ አንልም። እንዲያውም ይጻፍ፣ ይቀረፅ፣ በመድረክም ይታይ። የበካፋና የምንትዋብ ታሪክ ከቻይናው የማያንስ ሰባ ስድስት ክፍል ይወጣዋል። የምንለው ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው። ከየት እንደሚጀመር የሚወስን ሰው፣ ማን እንደሚታይና ማን ከበር ውጭ እንደሚቀር ወስኗል። ከሕመሙ አልጋ ከጀመርን ታሪኩ የሁለት ሰው ይሆናል። እንደ ቻይናዎቹ ከዙፋኑ ከጀመርን የሹመት ይሆናል፤ ይህ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ግን ሦስተኛ መክፈቻም አለ። ገና ሳይነጋ በባንጃ ደጋ፣ ጉም መሬት ላይ ተኝቶ፣ የማር ቅል በጀርባዋ የታዘለ ሴት ከሺህ ሰው ጋር ወደ ጎንደር ትነሣለች። ማሩ ለማን ሰርግ እንደሆነ አታውቅም። ሰርጉን በኋላ እናሳየው፤ ቤተ መንግሥቱን ከእሷ ጋር ሄደን እንድረስበት።

ለዚህ ግን የጎደለን ነገር አለ። እነዚያ ተሸካሚዎች በየትኛው መንገድ ወጡ? የት አደሩ? ጣናን በየት በኩል ዞሩት? ሸክሙ በአገውኛ ምን ይባል ነበር? በመንገድስ ምን ይዘፈን ነበር? ብሩስ ይህን አልጠየቀም፤ ዜና መዋዕልም ጉዳዩ አይደለም። ከአያቶቻችን አፍ የቀረ ነገር ካለ ግን የሚገኘው በአንከሻ፣ በዚገም፣ በጓንጓ፣ በዳንግላ ነው። ለእረፍት ወደየቤታችሁ የምትሄዱ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች፣ ከእሳት ዳር ተቀምጣችሁ ጠይቁ። አንዲት ቃልም ብትሆን፣ አንድ የመንገድ ስምም ቢሆን ይዛችሁ ኑ፤ የሚጻፍበት ገጽ አናጣም።